የአርባዎቹ አውራ በጎች ትእዛዝ

“ማሽኑ ሰው ሳይነካው ይጽፋል።”

ወሬውን ያመጣው ኃይለ ገብርኤል ነው፤ የበግ ማራቢያ ፕሮጀክቱ ዘበኛ፣ ተላላኪ፣ ሲያስፈልግም ወለል ጠራጊ። መጀመሪያ ለሚስቱ ነገራት፤ ሚስቱ “አፍህን ዝጋ” አለችው። እሱም አፉን ሊዘጋ ጠላ ቤት ሄደና እዚያ ተናገረው። ወፍጮ ቤት ደገመው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ጆሮ ያለው ሰው ሁሉ እስኪሰለች ድረስ በየደረሰበት አወራው። በመጨረሻም ለፖሊስ ተናገረ። የፖሊሱ ጸሐፊ ብዕሩን አስቀመጠና፣

“ጋሼ፣ ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ” አለው።

“ያየሁትን ነው የምነግርህ።”

ጸሐፊው አልጻፈለትም።

አርባ አውራ በጎች ባይጠፉ ኖሮ ለወሬው ደንታ ያለው አልነበረም። በጎቹ ገበያ የሚወጡ ተራ በጎች አይደሉም። ከባሕር ማዶ የመጣ ዘር ከመንዝ በግ ጋር ተዳቅሎ፣ ስንት ዓመት ተለፍቶ የተገኙ የመንግሥት ንብረቶች ናቸው፤ ከፕሮጀክቱ ሠራተኞች ይልቅ ሐኪም አዘውትሮ የሚያየው እነሱን ነበር። በጥር ወር፣ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ጨፌው ዳር ላለው ማራቢያ ጣቢያ አንድ ወረቀት ደረሰ፦ አርባ አውራ በጎች በአንኮበር ለጎረቤላ ገበሬዎች ማኅበር ይሰጡ። ወረቀቱ ማኅተም አለው። መኪና መጣ፣ ጫነ፣ ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የጎረቤላው ማኅበር ሊቀመንበር ለሌላ ጉዳይ ከተማ ሲመጡ፣ የጣቢያው ኃላፊ መንገድ ላይ አገኛቸውና፣ “በጎቹ እንዴት ሆኑ? አገሩን ለመዱት?” ብሎ ጠየቃቸው።

“የምን በጎች?” አሉ ሊቀመንበሩ።

በማግስቱ አልታየች ታሰረች።

*

አልታየች የፕሮጀክቱ የኮምፒዩተር ጸሐፊ ናት። መቶ አለቃ ዘርአ ዳዊት ምርመራውን ሲረከብ ከታሰረች አራተኛ ቀኗ ነበር፤ ጋቢ ተከናንባ ከፊቱ ተቀመጠች። ያለቀሰ ሰው ፊት አልነበራትም።

“ማኅተሙን የመታሽው አንቺ ነሽ?”

“እኔ ነኝ።”

“ወረቀቱን አንብበሽው ነበር?”

“እንድመታ ነው የታዘዝኩት። አንብቢ ያለኝ የለም።”

“ያለ ፊርማ ማኅተም ይመታል?”

“እኛ ቤት ይመታል። ማሽኖቹ የመጡ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ፣ ጋሽ ገብረአብ፣ ‘ከእንግዲህ ፊርማ ቀረ፤ ማሽን ያወጣው ሁሉ እኔ የፈቀድኩት ነው’ ብለው አዘዙ። ሰው ቢጽፈው አሥር ጊዜ የሚያገላብጡትን፣ ማሽን ከጻፈው ዓይናቸውን ጨፍነው ያምናሉ። እርስዎም እንደሳቸው ነዎት፤ ማሽኑ ስለጻፈው አይደል እኔን ያሰራችሁኝ?”

መቶ አለቃው ሳቁን ዋጠ። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር በቅርብ አይቶ አያውቅም። ዕድሉ ሰዓት ሠሪ ሊያደርገው ሲገባ ፖሊስ ያደረገው፣ ሰዓት መፍታትና መግጠም የሚወድ፣ የማያውቀውን ነገር ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው ነው።

“እስቲ እንደ ሕፃን አስረጂኝ” አላት።

“አራት ክፍል አለ፤ የሥራ አስኪያጁ፣ የአስተዳደሩ፣ የመኖው፣ የእኔ። በየክፍሉ አንዳንድ ኮምፒዩተር አለ። አራቱም በኬብል ከአንዲት ማሽን ጋር ተያይዘዋል፤ እሷ እኔ ክፍል ናት። እናትዬዋ እንላታለን። ሰው በየክፍሉ የጻፈው እሷ ዘንድ ይቀመጣል። ማተሚያ ያለን አንድ ነው፤ እሱም ከእሷ ጋር ነው። ከየትኛውም ክፍል ይላካል፣ እኔ ክፍል ይታተማል።”

“ይኼኛውን ከየት ላኩት?”

“እሱን ካወቅኩ እዚህ ምን እሠራለሁ?”

“ያን ሰኞ ጧት ቢሮ የነበረው ማን ነው?”

ጋቢዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች። ሰኞ ጧት የውይይት ክበብ ነው። ዘበኛው በር ላይ ሲቀር ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ገብቶ፣ የአስተዳደር ኃላፊም የክበቡ ሰብሳቢም በሆነው በጓድ ደምመላሽ ፊት ተደርድሮ ይቀመጣል። አልታየች ብቻ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት እንድታትም ተፈቅዶላት ቢሮ ቀርታ ነበር። ትእዛዙ የወጣው ያን ጊዜ ነው።

“እኔ ብቻ” አለች።

መቶ አለቃው ወደ አለቃው፣ ወደ ሻምበሉ፣ ክፍል ገባ። ሻምበሉ ከብርዱ የተነሳ ካፖርቱን ለብሶ ነበር የሚሠራው።

“ዓርብ መኪና ወደ አዲስ አበባ ይወጣል” አለው። “ልጅቷን ለልዩ ፍርድ ቤት እንልካለን። ማኅተም መታሁ ብላለች፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?”

“በጎቹን።”

“በጎቹ ተበልተዋል።”

“ልዩ ፍርድ ቤት ከገባች አትመለስም፣ ሻምበል።”

“ዛሬ ሰኞ ነው። እስከ ዓርብ ሌላ ሰው ካመጣህልኝ እሱን እልካለሁ። መኪናው ባዶውን አይሄድም።”

*

ሥራ አስኪያጁ ገብረአብ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ወንበር ሳበለት።

“አልታየች ጎበዝ ልጅ ናት” አለ። “ምን እንደነካት እንጃ።”

“ማሽኑን እርስዎ ያውቁታል?”

“እኔ? ማብራት ሲያቅተኝ እንኳ እሷን ነው የምጠራው።” ከዚያ “መቼ ነው የምትወስዷት?” ሲል ጠየቀ።

“ዓርብ።”

ገብረአብ መስኮቱን ማየት ጀመረ።

ጓድ ደምመላሽ ግን ሳይጠየቅ ተናገረ። ደረቱ ሰፊ፣ ካኪው በካውያ የተተኮሰ፣ የሚናገረውን ሁሉ ለአዳራሽ የሚናገር ነው።

“ጓድ መቶ አለቃ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ያን ሰኞ ሁላችንም እዚያ ነበርን፤ አንድ ሰው አልጎደለም። እኔ ራሴ ነኝ ያወያየሁ። የቀረችው እሷ ናት። ንቃት የሌለው ሰው ንብረት ሲያይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ።”

“ከሷ ሌላ የምትጠረጥረው ሰው የለም?”

ደምመላሽ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “የመኖ ክፍሉ ረሺድ ወንድም አለው፤ አልዩ አምባ። ዓወል ይባላል፤ ነጋዴ ነው። እኔ ግን ምንም አላልኩም።”

ውጪ ኃይለ ገብርኤል በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

“ጌታዬ፣ ማሽኑ ሰው ሳይነካው ይጽፋል።”

“ሰምቻለሁ።”

“የሰማኸው ከሰው ነው፤ እኔ ያየሁትን ስማ። ያን ሰኞ ወረቀት ልቀበል ገባሁ። አልታየች እጇን ብብቷ ውስጥ ከታ እያሞቀች ቆማለች። ማሽኑ ግን ቀር ቀር ቀር እያለ ይጽፋል። ማነው የሚያጽፈው ስላት፣ ‘እኔንጃ፣ ጋሼ፣ ዛሬ ሆዱ ብሶታል’ አለችኝ።”

መቶ አለቃው ሊሄድ ብሎ ቆመ። የምትደብቀው ነገር ያላት ሴት የሪፖርቱ ሥራ ነው ትላለች እንጂ ‘እኔንጃ’ አትልም።

*

ማክሰኞ ወደ አንኮበር ወጣ። ጎረቤላ ጉም ውስጥ ነበረች፤ ሊቀመንበሩ ከጉሙ ውስጥ ብቅ ብለው እጁን ጨበጡት።

“እኛ በግ አልጠየቅንም” አሉ። “ብንጠይቅም አርባ አውራ በግ አንድ ላይ የሚሰጥ መንግሥት አላውቅም። ቢመጡማ ኖሮ እርስዎ ገና ዳገቱን ሳይወጡ እየተዋጉ ጩኸታቸውን ይሰሙ ነበር።”

ከዚያ ቁልቁለቱን ወደ አልዩ አምባ ወረደ፤ በየዙሩ ካፖርቱን፣ ሹራቡን፣ ኮፍያውን እያወለቀ። ዓወል ሱቁ በር ላይ ነበር፤ ሽበት የጀመረው፣ ረጋ ያለ ነጋዴ።

“ደምመላሽ ነው የላከህ” አለ ገና ሳይቀመጥ።

“ማንም አልላከኝም።”

“ይሁን። እኔ የምሸጠው ጨው፣ በርበሬና ጨርቅ ነው። ግን በግ ቢሆንስ፣ ያን የደጋ ጠጉራም በዚህ ሙቀት አምጥቼ ለማን ልሸጠው? ሳምንት ሳይሞላው ያልቃል። ወላሂ፣ ሌባ ብሆን እንኳ ደደብ ሌባ አልሆንም።”

“ታዲያ ወዴት ይሄዳል?”

“በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ሥጋ ወደሚፈለግበት ወደ ትልቁ መንገድ። እንደደረሰ የሚያርደው ሰው ብቻ ነው የሚገዛው።” ከዚያ አየት አደረገውና፣ “ወንድሜ ታሰረ?” አለ።

“አልታሰረም።”

“አልሐምዱሊላህ። ሻይ ጠጣ።”

*

ረቡዕ ማራቢያ ጣቢያው ሄደ። የጣቢያው ኃላፊ ከፕሮጀክቱ የሚመጣለትን ወረቀት ሁሉ ግድግዳው ላይ ያለ ሚስማር ላይ ነው የሚሰካው። የዚያ ሰኞ ሦስት ቅጠል ነበር። አንደኛው የበጎቹ ትእዛዝ። ሁለቱ ከረሺድ የመጡ የድርቆሽ ማሳወቂያዎች ናቸው።

“እነዚህ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው” አለ መቶ አለቃው።

“አዎ። ቃል በቃል።”

“ለምን ሁለት?”

“እኔ ድርቆሹ አንድ ጊዜ ብቻ መምጣቱን ነው የማውቀው።”

ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቸው። የማተሚያው ወረቀት እንደ ጥቅል ጨርቅ አንዱ ከሌላው ተያይዞ ይመጣል፤ ሲታተም እየተቀደደ ይለያያል። አልታየች ደግሞ ቀስ ብላ የምትቀድ ሴት አይደለችም። በየጠርዙ አንዱ ቦታ ጥርስ ቀርቶበታል፣ ሌላው ቦታ ተጎርዷል። መቶ አለቃው አጎንብሶ፣ ሰዓት ሲገጥም እንደሚያደርገው ምላሱን ከንፈሩ ዳር አድርጎ፣ ጠርዝን ከጠርዝ ያስጠጋ ጀመር።

የመጀመሪያው የድርቆሽ ወረቀት ግርጌ ከትእዛዙ አናት ጋር ተገጣጠመ። የትእዛዙ ግርጌ ደግሞ ከሁለተኛው የድርቆሽ ወረቀት አናት ጋር።

የጣቢያው ኃላፊ፣ “ምን አገኙ?” ቢለው፣

“ረሺድን” አለ።

ወደ ከተማ ሲመለስ ግን መንገድ ላይ ቆመ። ትእዛዙ የወጣው በረሺድ ሁለት ወረቀቶች መካከል ነው። ሦስቱም አንድ ላይ፣ ያን ሰኞ ጧት፣ ሁሉም አዳራሽ ሳለ ወጥተዋል። ረሺድም አዳራሽ ነበር፤ ያን ዕለት ቆሞ ጽሑፍ ያነበበው እንዲያውም እሱ ነው። ሰውዬው አዳራሽ፣ ወረቀቱ ማተሚያ ላይ። የረሺድ ወረቀት ያለ ረሺድ ከወጣ፣ የሌላ ሰው ወረቀትም ያለ ላኪው ሊወጣ ይችላል።

ለካ ዘበኛው ትክክል ነበር።

*

ረሺድ የመኖ መጋዘኑ ውስጥ ነበር። መቶ አለቃውን ሲያይ ፊቱ ገረጣ።

“ድርቆሹን ሁለት ጊዜ ለምን ላክኸው?”

“አንዱ ባይደርስ ብዬ።”

“ረሺድ፣ አልታየች ዓርብ ልትሄድ ነው።”

ረሺድ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። “ማተሚያው ዝም ብሎኝ ነው።”

“መቼ?”

“ዓርብ፣ ከዚያ ሰኞ በፊት ያለው ዓርብ። ለጁምዓ ሰላት ከመውጣቴ በፊት ላክሁት። ሄጄ ባየው ወረቀት የለም፣ ቀይ መብራት በርቷል። ሰግጄ ተመለስኩና ደግሜ ላክሁት። አሁንም ቀይ መብራት።”

“ለማን ነገርክ?”

“ለማንም። ማን ይናገራል? የቢሮው መመሪያ ተበላሽቶ ያገኘው ይክፈል ነው የሚለው። ዓምና የጽሕፈት መኪናው ሲሰበር መጀመሪያ የተናገረው ሰው እስከ ዛሬ ከደሞዙ ይቆረጥበታል። ስለዚህ ቀዩን መብራት ያየ ሁሉ ሹልክ ብሎ ይወጣል። አልታየች ብትኖር ታስተካክለው ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አክስቷ ሞተው ጣርማ በር ልቅሶ ላይ ነበረች። እስከ ሰኞ አልተመለሰችም።”

“ሰላት ላይ ሳለህ ክፍልህ?”

“ቆልፌው ነው የሄድኩት። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው።”

መቶ አለቃው በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ። “ይኼን ከኔ ሌላ ለማንም ተናግረሃል? አስብበት።”

“ለሚስቴ ለሰሊሃ እንኳ አልነገርኩም።”

“አሁንም አትንገራት።”

*

ከሰዓት በኋላ አልታየችን ወደ ቢሮዋ አመጣት። ሥራ አስኪያጁ ጣቢያ ወጥቷል፤ ደምመላሽ ስብሰባ ነው። የነበሩት ረሺድና ኃይለ ገብርኤል ብቻ ናቸው።

“ያን ሰኞ ማተሚያውን ስታገኚው ምን ሆኖ ነበር?”

ዓይኗን ወደ ረሺድ ወረወረች፤ ረሺድ ራሱን ነቀነቀ።

“የቀለሙ ሪባን ተጠምዝዞ ነበር” አለች። “አስተካከልኩት። ያልተናገርኩት በግ ሰረቀች ላይ ማሽን ሰበረች እንዳትጨምሩብኝ ነው።”

“አሁን ጠምዝዥው።”

“ምን?”

“እንደነበረ አድርጊው።”

ክዳኑን ከፍታ ጠመዘዘችው። ቀዩ መብራት በራ።

“ረሺድ፣ ከክፍልህ ስምህን ጽፈህ ላክ።” ረሺድ ሄደ። ተመለሰ። ምንም የለም። “ቀጥሎ እኔ።” መቶ አለቃው አስተዳደር ክፍል ገብቶ፣ አልታየች ከኋላው ቆማ “ይሄኛው፣ አይ፣ ይሄኛው” እያለችው፣ በአንድ ጣቱ ‘በግ’ ብሎ ጻፈና ላከ። ምንም የለም። መጨረሻ አልታየች ከራሷ ማሽን ላከች። ምንም የለም።

“ጋሽ ኃይለ ገብርኤል፣ ሻይ የለም?”

ሻይ መጣ። ጠጡ። ማሽኑ ዝም እንዳለ ነው።

“አሁን አስተካክዪው። ከዚያ ማንም አንድም ነገር አይንካ።”

አልታየች ሪባኑን ቀና አድርጋ ክዳኑን ዘጋችና እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች። ማተሚያው ቀር አለ። የረሺድ ስም ወጣ። ቀጥሎ ‘በግ’ ወጣ። ቀጥሎ የአልታየች ወጣ፤ ‘መቶ አለቃው በአንድ ጣት ይጽፋል’ ይላል።

“አላልኩም?” አለ ኃይለ ገብርኤል፣ ለግድግዳው።

መቶ አለቃው ወረቀቶቹን ሳይቀድ ተያይዘው እንዳሉ ያዛቸው። “እናትዬዋ ተቀብላ ታስቀምጣለች” አለ ለራሱ። “ማተሚያው ሲታመም ትጠብቃለች። ሲድን ቀድሞ ከመጣው ጀምራ ታወጣለች።”

“ወፍጮ ቤት ማለት ነው” አለ ኃይለ ገብርኤል።

“ስለዚህ ትእዛዙ ሰኞ ከነበረ ሰው ጋር አይገናኝም” አለች አልታየች ቀስ ብላ። “የተላከው ዓርብ ነው። ረሺድ ሰላት ላይ ሳለ።”

“አንቺ ደግሞ ልቅሶ ላይ ነበርሽ።”

አልታየች ጋቢዋን አስተካከለች። “ታዲያ ልሂድ?”

“ገና ነው። ሻምበሉ ሰው ነው የሚፈልገው።”

*

የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ዓርብ ምሳ የሚበላበት ቦታ አንድ ነው፤ የእትዬ እናትነሽ ሆቴል። መቶ አለቃው በዚያው ረቡዕ ማታ ሄደ። እትዬ እናትነሽ ወገባቸው ላይ መቀነት ያጠበቁ፣ ደንበኛን በሚበላው ነገር የሚያስታውሱ ሴት ናቸው።

“አልታየች ልቅሶ የሄደችበት ዓርብ?” አሉ። “ገብረአብ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ሌሎቹ መጥተው ሽሯቸውን በልተዋል። ለምን ትጠይቃለህ?”

“ሁሉም?”

እትዬ እናትነሽ በንዴት ፎጣቸውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉ። “እሱን አታንሳብኝ።”

“ማንን?”

“ደምመላሽን ነዋ። ያንን።”

ጓድ ደምመላሽ ዓርብ ዓርብ ጥብስ የሚበላው ርቦት አይደለም። ጾም የኋላ ቀር ልማድ መሆኑን ለከተማው ለማስተማር ነው። መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል፤ መንገደኛው ያየዋል። ሌላው እንግዳ ወይ ጿሚ ነው፣ ወይ የሌላ ሰው እርድ የማይቀምስ ሙስሊም ነው። እትዬ እናትነሽ ስለዚህ በየሳምንቱ ለአንድ ሰው ብለው ሥጋ ይገዛሉ፤ ድስቱንም ለብቻው አስቀምጠውለታል።

“ያን ዓርብ ቀረብኝ” አሉ። “ስጠብቀው፣ ስጠብቀው። ዓርብ ቀን ሥጋ ለማን ልሽጥ? ለውሻ ሰጠሁት። ሰኞ ሲመጣ ‘ጓድ፣ ምነው ጠፋህ?’ ብለው ‘አሞኝ ነበር’ አለኝ። ያመመው ሰው ግን ማታውን እዚህ መጥቶ ቢራ ጠጥቷል።”

*

ሐሙስ ጧት መቶ አለቃው ደምመላሽ ክፍል ገብቶ ተቀመጠ።

“ጉዳዩን ልዘጋ ነው” አለው። “ለሥነ ሥርዓት ያህል እያንዳንዱን ሰው የት እንደነበር እየጠየቅኩ ነው።”

“ነግሬሃለሁ። ሰኞ አዳራሽ።”

“ሰኞን ትቼዋለሁ። ዓርብ ምሳ ሰዓት?”

ደምመላሽ እስክሪብቶውን አሽከረከረ። “ዓርብ የት እንደምበላ ከተማው ያውቃል።”

“እትዬ እናትነሽ አላየሁህም ይላሉ።”

“አሞኝ ነበር። ቤቴ ተኝቻለሁ። ዓርብን ምን አመጣው? ወረቀቱ የታተመው ሰኞ ነው።”

“አንዳንድ ሰው የተላከው ዓርብ ነው ይላል።”

ደምመላሽ ሳቀ፤ የአዳራሹን ሳቅ። “ማነው እሱ? ዓርብ ማንም ምንም ሊያትም አይችልም። ማተሚያው ሙሉ ቀን አይሠራም ነበር እኮ። ቀይ መብራት አብርቶ ነው የዋለው።”

ውጪ የኃይለ ገብርኤል መጥረጊያ ሲሄድ ይሰማል።

“ጓድ ደምመላሽ፣ አንተ ቤትህ ተኝተህ ነበር” አለ መቶ አለቃው። “ማተሚያው ዓርብ መበላሸቱን የሚያውቀው ዓርብ ለማተም የሞከረ ሰው ብቻ ነው። የሞከረውም ዕዳ ፈርቶ ለሚስቱ እንኳ አልተናገረም። አልታየችም ሰኞ ዝም ብላ ነው ያስተካከለችው። ለአንተ ማን ነገረህ?”

ደምመላሽ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

“ወረቀቱ ጠፋ ብዬ ነበር” አለ። “ላክሁት፣ አልወጣም። ማሽኑ በላው ብዬ ተውኩት። ሐሳቡንም ተውኩት፤ እመነኝ። ከዚያ ማክሰኞ ጣቢያው ስልክ ደወለ፤ በጎቹ ተዘጋጅተዋል፣ መኪናው መቼ ነው የሚመጣው አለኝ።”

“ያን ጊዜ ስህተት ነው ልትል ትችል ነበር።”

“እችል ነበር።”

“በዚያ ፋንታ መኪና ላክህ። ከዚያ ልጅቷን አሳየኸን።”

“እኔ አዳራሽ ነበርኩ እኮ” አለ ደምመላሽ፤ አሁንም ድረስ ያስገረመው ይመስላል። “ማንም ሊነካኝ አይችልም ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አስቤ እንኳ ላገኘው አልችልም።”

የሾፌሩን ስም ሰጠ። በጎቹ በጣርማ በር አልፈው ሸዋ ሮቢት ወርደው፣ ብዙዎቹ በዚያው ሳምንት ታርደዋል። ሻምበሉ ሪፖርቱን ሁለት ጊዜ አነበበ፣ የደምመላሽን ስም ሲያይ ሁለቴም አጉረመረመ፣ ሁለቴም አንገቱን ነቀነቀ። ዓርብ መኪናው ወደ አዲስ አበባ ወጣ፤ ባዶውን አልሄደም። አልታየች በዚያው ቀን ጋቢዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች።

*

በሐምሌ እናትዬዋ ታመመች። ወልደተንሣኤ የሚባል የማሽን ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። መቶ አለቃ ዘርአ ዳዊትም በዚያው ቀን ለኤግዚቢት የወሰዳቸውን ወረቀቶች ሊመልስ መጥቶ ነበር፤ ክዳኗ ተከፍቶ ሲያይ ግን ወንበር ሳበ። አልታየች ባለሙያው የሚያደርገውን ትከታተላለች፤ ካላወቀች አታስቀምጠውም።

“ይኼ ምንድን ነው?” አለችው፣ አንዱን ቁልፍ ሲጫን የማሽኗ መስታወት ላይ ብዙ መስመር ሲመጣ።

“የላከው ማን እንደሆነ ነው። ማን፣ ከየትኛው ክፍል፣ መቼ። ታትሞ ካለቀም በኋላ አይጠፋም።”

መቶ አለቃው ከወንበሩ ተነሳ። “ጥርን ማየት ይቻላል?”

“የፈለጉትን።”

ጥር አሥራ ዘጠኝ፣ ዓርብ፤ መኖ ክፍል። አስተዳደር ክፍል። መኖ ክፍል። በሦስት መስመር፣ እንደ ተራ ነገር፣ ተደርድሮ ተቀምጧል። መቶ አለቃው አንኮበርን፣ የአልዩ አምባን ቁልቁለት፣ የተገጣጠሙትን ጠርዞች፣ የውሻውን ሥጋ አስታወሰ።

“ይኼን ለማየት ምን ያስፈልጋል?”

“ምንም። ይቺን መጫን ነው።”

“እኔን አላሳዩኝም” አለች አልታየች። “ሥልጠና ስሄድ ማተምና መጻፍ ብቻ ነው ያስተማሩን።”

“ለጸሐፊዎች አናስተምርም። ለኃላፊዎች ነው የምናሳየው። ከዚህ ቢሮ የመጡት ሥራ አስኪያጁ ናቸው፤ ጥሩ ያውቁታል። የት ናቸው?”

“መጋቢት ላይ ለትምህርት ውጭ ሄደዋል” አለች። “አይመለሱም እየተባለ ነው።”

ወልደተንሣኤ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለ። “ያውቁታል ማለቴ ትክክል ነው። ይኼን ዝርዝር ከእኔ በፊት አንድ ጊዜ ሰው ከፍቶታል። ከሥራ አስኪያጁ ክፍል ነው የተከፈተው፤ የካቲት አሥር፣ ጧት።”

“የካቲት አሥር” አለች አልታየች፣ “ከሰዓት በኋላ ነው የወሰዳችሁኝ።”